የሚካፈሉት ሥጋ፣ የሚናደው ዳርቻ፦ የነጭ ዓሣ ነባሪ አደንና የማኅበረሰብ ቀጣይነት በቱክቶያክቱክ

መግቢያ

በካናዳ የሰሜን ምዕራብ ግዛቶች፣ የማኬንዚ ወንዝ ከቦፎርት ባሕር ጋር ከሚገናኝበት ዴልታ በስተ ምሥራቅ፣ ቱክቶያክቱክ የምትባል የባሕር ዳር መንደር ትገኛለች። በ2021 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቿ 937 ነበሩ፤ አብዛኞቹም ራሳቸውን ኢኑቪያሉይት፣ ማለትም «እውነተኛ ሰዎች»፣ ብለው የሚጠሩት ሕዝብ አባላት ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) የኢኑቪያሉይት መንደሮች በጠቅላላው ስድስት ሲሆኑ፣ ከቱክቶያክቱክ ሌላ ያሉት አክላቪክ፣ ኢኑቪክ፣ ፓውላቱክ፣ ሳክስ ሃርበርና ኡሉካክቶክ ናቸው።

ካለፉት መቶ ሠላሳ ዓመታት ወዲህ በዚህ ሕዝብ ላይ ብዙ ነገር ተፈራርቋል፤ የውጭ ዓሣ ነባሪ አዳኞች መርከቦች፣ ወረርሽኝ፣ የአውሬ ቆዳ ንግድ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ የቀዝቃዛው ጦርነት የራዳር ጣቢያ፣ የነዳጅ ፍለጋ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለፉ ሁለት ነገሮች ግን እጣቸው አንድ አልሆነም። ሲግሊቱን የተባለውን የአካባቢውን ዘዬ ዛሬ አቀላጥፈው የሚናገሩት በአብዛኛው አረጋውያን ናቸው። ቤሉጋ የሚባለው የነጭ ዓሣ ነባሪ አደን ግን ዛሬም በየዓመቱ በጁላይ ወር ይካሄዳል፤ ሥጋውም ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። በአንድ ሕዝብ፣ በአንድ ዳርቻ፣ በአንድ የታሪክ ጫና ሥር አንዱ ሲደክም ሌላው ለምን ጸና? ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ጥያቄ ይህ ነው። የጽሑፉ መነሻ የመስክ ጥናት ሳይሆን የታተሙ ሰነዶች መሆናቸውን አንባቢ ከወዲሁ እንዲገነዘብ ያስፈልጋል።

ከኪቲጋርዩይት እስከ ቱክቶያክቱክ

የአርክቲክ ሕዝቦች በአማርኛ አንባቢ ዘንድ የሚታወቁት «እስኪሞ» በሚለው ስም ነው። ስሙ ከውጭ የተሰጠ ሲሆን በካናዳ ዛሬ እንደ ነቀፋ ስለሚቆጠር እዚህ አልተጠቀምንበትም። ከስሙ ጋር አብሮ የመጣው የበረዶ ቤት ሥዕልም ለኢኑቪያሉይት አይስማማም። የማኬንዚ ወንዝ በደቡብ ካሉት ደኖች ግንድ እየነቀለ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ስለሚያመጣ፣ የክረምት ቤታቸውን የሚሠሩት ከዚሁ እንጨት ነበር፤ ላዩንም በሣር አፈር ይደመድሙታል። የበረዶ ቤት በጉዞ ላይ የሚሠራ ጊዜያዊ መጠለያ ነበር። ነጥቡ የቤት አሠራር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንጨትና የተትረፈረፈ ምግብ የነበረው ሕዝብ በትናንሽ ቡድን ከመበታተን ይልቅ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ መክረም ችሏል።

የዚህ መሰባሰብ ማዕከል የነበረችው በማኬንዚ ምሥራቃዊ አፍ ላይ የምትገኘው ኪቲጋርዩይት ናት። በበጋ ወራት እስከ አንድ ሺህ የሚደርስ ሰው ይሰበሰብባት እንደ ነበር ይገመታል። ምክንያቱ ቤሉጋው ነው። ይህ እንስሳ ጎልማሳው እስከ አራት ሜትር ተኩል የሚረዝም፣ ግልገሉ ግራጫ ሆኖ ተወልዶ ሲያድግ የሚነጣ ሲሆን፣ በጁን መጨረሻ በረዶው ሲከፈት ወደ ወንዙ አፍ ለብ ያለ ጥልቀት የለሽ ውኃ ይገባል። አዳኞቹ በቆዳ የተለበጡ ካያኮቻቸውን በመስመር አሰልፈው፣ ውኃውን እየመቱና እየጮኹ መንጋውን ወደ ባሕረ ሰላጤው ጥልቀት የለሽ ክፍል ይነዱታል፤ በዚያም በጦር ይወጉታል። በ1895 የተወለደውና የሕይወት ታሪኩ በ1966 የታተመለት ኑሊጋክ በልጅነቱ ያየውን የዚህን አደን መልክ ትቶልን አልፏል። ከኢኑቪያሉይት ወገን ስለዚያ ዘመን ከተጻፉት ጥቂት ምስክርነቶች አንዱ በመሆኑ መጽሐፉ ለተመራማሪ ዋጋው ከፍተኛ ነው።

በ1890ዎቹ የአሜሪካ ዓሣ ነባሪ አዳኞች መርከቦች ኸርሸል በተባለች ደሴት መክረም ጀመሩ። የሚፈልጉት ቤሉጋውን ሳይሆን ታላቁን የአርክቲክ ዓሣ ነባሪ ነበር፤ ነገር ግን ዱቄት፣ ጠመንጃና አልኮል ብቻ ሳይሆን በሽታም ይዘው መጡ። በ1902 የኩፍኝ ወረርሽኝ ኪቲጋርዩይትን አጠፋት ማለት ይቻላል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከ2,000 እስከ 2,500 ይደርስ እንደ ነበር የሚገመተው ሕዝብ፣ በ1910 ገደማ ወደ 150 መውረዱ በብዙ ጽሑፎች ይጠቀሳል። ግምቱ ግምት ነው፤ ሆኖም ከአሥር ሰው ዘጠኙ ያለቀበት ማኅበረሰብ ምን ይቀረዋል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የቀሩት ከአላስካ ከመጡ ዘመዶቻቸው ጋር ተቀላቅለው ሕይወትን እንደ ገና ጀመሩ። ቱክቶያክቱክ የተስፋፋችው ከዚህ በኋላ ነው። የሐድሰን ቤይ ኩባንያ በ1930ዎቹ መደብሩን በዚያ ሲከፍት መንደሯ በአንድ የኩባንያው ባለ ሥልጣን ስም ፖርት ብራባንት ተባለች፤ በ1950 ግን «ካሪቡ የሚመስል» የሚል ትርጉም ያለውን የቀድሞ ስሟን መልሳ አገኘች። በካናዳ ነባር ስሟን በይፋ ያስመለሰች የመጀመሪያዋ ስፍራ እርሷ እንደ ሆነች ይነገራል።

አደኑና ክፍፍሉ

የዛሬው አደን በሞተር ጀልባ ነው። ከሁለት እስከ አራት ሰው በአንድ ጀልባ ይወጣል፤ አንዱ መሪውን ይይዛል፣ ሌላው ከፊት ቆሞ በጥልቀት የለሹ ውኃ ላይ እንስሳው ሲሄድ የሚያስነሣውን ማዕበል ይመለከታል። በማኅበረሰቡ የጸና አንድ ደንብ አለ፦ አስቀድሞ ተንሳፋፊ የታሰረበት መንጠቆ ጦር ይወረወራል፣ ጠመንጃ የሚተኮሰው ከዚያ በኋላ ነው። በጥይት ብቻ የተመታ ዓሣ ነባሪ ሊሰጥምና ሊጠፋ ይችላል፤ የጠፋ እንስሳ ደግሞ ኪሳራ ብቻ ሳይሆን ነውርም ነው። ግልገል ያላትን እናት አለመንካትም እንዲሁ የታወቀ ሥርዓት ነው።

እንስሳው ወደ ሰፈሩ ዳርቻ ከተጎተተ በኋላ ሥራው በአብዛኛው ወደ ሴቶች እጅ ይሻገራል፤ እንደ እኔ አስተያየት የአደኑ ማኅበራዊ ልብ የሚመታውም እዚህ ነው። ኡሉ በተባለው ግማሽ ጨረቃ በሚመስል ቢላዋ ቆዳውን ከነስቡ በሰፋፊው ይገፍፉታል። ይህ ሙክቱክ ይባላል። ለጥቂት ቀናት በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ነፋስ ከመታው በኋላ ተቆራርጦ ይቀቀላል ወይም በራሱ ዘይት ውስጥ ይቀመጣል። ዘይቱ ኡቅሱቅ ነው። ቀዩ ሥጋ ደግሞ እንደ ቋንጣ በስሱ ተዘልዝሎ፣ በወንዝ እንጨት ጭስ ደርቆ ሚፕኩ ይሆናል። ቋንጣ የሚያውቅ አንባቢ ሥራው ምን ያህል እጅና ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አይጠፋውም፤ በዚህ ላይ ቢላዋው መዶልዶም፣ ዝንቡ መብዛት፣ ዝናቡ መምጣት አለ። የአንድ ሰው ስህተት የአንድ ወር ምግብ ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ አያት ትቆማለች፣ ልጅ ትቆርጣለች፣ የልጅ ልጅ ባልዲ ያቀብላል።

አንድ ቤሉጋ ለአንድ ቤት እጅግ ይበዛል። ክፍፍሉን በአማርኛ ለመግለጽ ስንሞክር አስቀድሞ ወደ አፋችን የሚመጣው «ቅርጫ» ነው፤ ነገር ግን ቃሉ ያሳስታል። በቅርጫ እያንዳንዱ የሚያነሣው መደብ ካዋጣው ገንዘብ ጋር የተመጣጠነ ነው። በቱክቶያክቱክ ያላዋጣውም ይደርሰዋል። ከጀልባው ሠራተኞችና ከቆረጡት ሴቶች በኋላ አረጋውያን፣ የታመሙ፣ አዳኝ የሌላቸው ቤቶች ይላክላቸዋል፤ ከዚያ አልፎ ወደ ኢኑቪክና ሩቅ ከተማ ወደ ሄዱ ዘመዶች ይጓዛል። የሚላከው ብዙውን ጊዜ በስጦታ ነው፤ ተቀባዩም በሌላ ጊዜ ዓሣ፣ ዝይ፣ አክፒክ የተባለውን የረግረግ ፍሬ ወይም ቤንዚን ሊሰጥ ይችላል፤ ግን አይቆጠርበትም። በአርክቲክ ጥናቶች ደጋግሞ እንደ ታየው፣ የዱር ምግቡን የሚያመጡት ጥቂት ቤቶች ሲሆኑ የሚመገቡት ብዙዎች ናቸው። ይህ ማለት አደኑ ጸንቷል ስንል ሁሉም ቤት ያድናል ማለታችን አይደለም። የጸናው መረቡ ነው።

ቋንቋው ለምን እንዲሁ አልጸናም

ቋንቋው አዋጅ አጥቶ አይደለም የተዳከመው። ኢኑቪያሉክቱን ከግዛቱ 11 ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ተዘጋጅቶለታል፤ በትምህርት ቤትም ይሰጣል። የተቋረጠው ሰንሰለት ሌላ ነው። ቋንቋ በመጀመሪያ የሚተላለፈው በቤት ውስጥ ለሕፃናት ነው፤ የተወሰዱትም ሕፃናት ነበሩ። ከሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያዎቹ አሥርተ ዓመታት አንሥቶ በአክላቪክ፣ ከ1959 በኋላ ደግሞ በኢኑቪክ በነበሩት አዳሪ ቤቶች፣ የዴልታውና የባሕር ዳርቻው ልጆች የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ከወላጆቻቸው ተለይተው ያሳልፉ ነበር። የሚማሩት በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ በገዛ ቋንቋቸው በመናገራቸው የተቀጡ ስለ መኖራቸው በሕዝባዊ ምስክርነት ተመዝግቧል።

በ1972 ሦስት ታዳጊ ወንዶች ልጆች ኢኑቪክ ከነበረው ማደሪያቸው ጠፍተው ወደ ቤታቸው፣ ወደ ቱክቶያክቱክ፣ በእግር ተነሡ። በመካከሉ ያለው ረግረግና ሐይቅ የሞላበት ምድር ከአንድ መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሕይወት የተረፈው አንዱ ብቻ ነበር። ከ2017 ጀምሮ በዚያው ምድር ላይ ወደ 138 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የጠጠር መንገድ ተዘርግቷል፤ በካናዳ ከአርክቲክ ውቅያኖስ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ በየብስ ያገናኘ የሕዝብ መንገድ ሲሆን፣ ጉዞው በመኪና የጥቂት ሰዓታት ነው።

አደኑን ከዚህ ጋር ስናነጻጽር አንድ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። አዳሪ ቤቱ ልጆቹን የሚይዘው በትምህርት ወራት ነው፤ ቤሉጋው የሚመጣው በጁላይ ነው። ልጆቹ ከቤተሰብ ጋር የሚገናኙባቸው አጭር የበጋ ሳምንታት የአደን ሰፈር ሳምንታት ነበሩ። ከዚህም በላይ ቢላዋ አያያዝ ያለ ብዙ ንግግር፣ በማየትና በመሥራት ይለመዳል፤ አያቷ ሲግሊቱን ብቻ፣ እርሷ እንግሊዝኛ ብቻ የምትናገር ልጅ እንኳ አጠገቧ ቆማ ሙክቱክ መቁረጥ ትችላለች። ይህ ማብራሪያ ሙሉ እንዳልሆነ አምናለሁ። በሌላ ወቅት የሚደረገው ወጥመድ ማጥመድ የተዳከመው ከትምህርት ወራት ጋር በመጋጨቱ ብቻ ሳይሆን የቆዳ ገበያ በመውደቁም ነው፤ ሁለቱን ምክንያቶች ለየብቻ መመዘን ይከብዳል። ቢሆንም በመንደሩ እንግሊዝኛ ውስጥ ሳይተረጎሙ የቀሩትን ቃላት ልብ ማለት ይጠቅማል፦ ሙክቱክ፣ ሚፕኩ፣ ኡቅሱቅ፣ ኡሉ፣ አክፒክ። ቋንቋው ቦታውን ያላስለቀቀው እጅ በሚሠራበትና አፍ በሚበላበት ስፍራ ነው።

ገንዘብና ሕግ

ደመወዝ የመጣ ዕለት አደን ያበቃል የሚል ግምት በልማት ጽሑፎች ውስጥ ረዥም ዕድሜ አለው። ቱክቶያክቱክ ለዚህ ግምት ጥሩ ፈተና ናት። በ1950ዎቹ አጋማሽ የራዳር ጣቢያ ተሠራባት፤ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቦፎርት ባሕር ነዳጅ ፍለጋ ዋና ወደብ ሆነች። ሥራ ነበር፣ ገንዘብም ነበር። ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ኩባንያዎቹ ሄዱ። አደኑ ገንዘቡ በነበረበት ጊዜም፣ ገንዘቡ በሄደበት ጊዜም ቀጥሏል። ደመወዝ የሚያገኘው ወንድም ሞተሩንና ቤንዚኑን ይገዛል፣ ጊዜ ያለው ወንድም ያድናል፣ ሥጋው ለሁለቱም ቤት ይሆናል። ገንዘቡ የአደኑ ጠላት ሳይሆን መሣሪያው ሆነ። በአንጻሩ ሥራ ፈጽሞ የሌለበት ቤት ማደንም ይቸግረዋል፤ በሰሜኑ የነዳጅና የመለዋወጫ ዋጋ ከባድ ነውና። ድህነት ሰውን ወደ ቀድሞ አኗኗሩ ይመልሰዋል የሚለው አባባል እዚህ አይሠራም።

የፖለቲካው ድርጅት የተወለደው በዚሁ የነዳጅ ዘመን ነው። በ1970 በኢኑቪክ የተቋቋመው የነባር ሕዝቦች የመብት ኮሚቴ ኢኑቪያሉይትን ወክሎ መደራደር ጀመረ። ዳኛ ቶማስ በርገር የማኬንዚ ሸለቆን የጋዝ ቧንቧ ዕቅድ እንዲመረምሩ በ1974 ተሹመው ወደ መንደሮቹ እየዞሩ አዳኞችንና እናቶችን ሰሙ። የ1977ቱ ዘገባቸው በሸለቆው ቧንቧ ከመዘርጋቱ በፊት የአሥር ዓመት ዕረፍት እንዲደረግ ከመጠየቁም ሌላ፣ በማኬንዚ ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ክፍል የዓሣ ነባሪ መጠበቂያ እንዲከለል ሐሳብ አቀረበ። በጁን 5 ቀን 1984 በራሷ በቱክቶያክቱክ የተፈረመው የኢኑቪያሉይት የመጨረሻ ስምምነት ደግሞ ወደ 91 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት በባለቤትነት አስገኘ፤ ከዚህ ውስጥ ወደ 13 ሺህ በሚጠጋው ላይ የከርሰ ምድር ማዕድኑንም ጨምሮ። ከመሬቱ ያላነሰ ዋጋ የነበረው የአደን አንቀጹ ነው። በየመንደሩ የአዳኞችና አጥማጆች ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ዓሣንና የባሕር እንስሳትን በተመለከተም የመንግሥትና የኢኑቪያሉይት ተወካዮች በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡበት የጋራ ቦርድ ተፈጠረ።

ይህ አሠራር በሥራ ላይ ሲታይ ቀላልና ጠቃሚ ነው። በየአደን ሰፈሩ የተመደቡ ኢኑቪያሉይት መዝጋቢዎች የእያንዳንዱን እንስሳ ርዝመትና ጾታ ይለካሉ፤ ዕድሜው የሚታወቅበትን ጥርስም ይወስዳሉ። በዓመት በጠቅላላው የሚታደነው በአማካይ መቶ ገደማ ነው፤ በ1992 ከአየር በተደረገ ቆጠራ መሠረት የምሥራቅ ቦፎርት ቤሉጋ ብዛት ወደ 39 ሺህ ተገምቷል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ላስቀመጠ አንባቢ አደኑ እንስሳውን አያሠጋም ማለት አያዳግትም። በ2010 ደግሞ ታሪዩም ኒርዩታይት የተባለው የባሕር ጥበቃ ክልል ታወጀ፤ በካናዳ አርክቲክ የመጀመሪያው ነው፣ ከሦስቱ ክፍሎቹም አንዱ የኪቲጋርዩይትን ስም ይዟል። በርገር ከጠየቁ 33 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በክልሉ ውስጥ የኢኑቪያሉይት አደን አልተከለከለም፤ ሕጉ የሚጠብቀው እንስሳውን ከአዳኙ ሳይሆን፣ ለአዳኙ ጭምር ነው።

ዳርቻው

እስከዚህ ድረስ የተባለው ሁሉ የሚቆምበት መሬት አለ፤ መሬቱም በረዶ ነው። የባሕሩ ዳርቻ አፈር ከሥሩ ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ በረዶ የተቀላቀለበት፣ በሳይንሱ ፐርማፍሮስት የሚባል ነው። ከመንደሯ በስተ ምዕራብ የሚታዩት ፒንጎ የተባሉ ኮረብታዎች ከሥራቸው ያለው ውኃ ሲበርድ መሬቱን ገፍቶ ያነሣቸው ናቸው፤ ኢብዩክ የተባለው ትልቁ ወደ 49 ሜትር ከፍታ አለው። በ1963 የመንደሯ ሰዎች ይህንኑ በረዷማ መሬት ወደ ዘጠኝ ሜትር ያህል ወደ ታች ቆፍረው የጋራ የምግብ ማከማቻ ሠሩ። በመሰላል ይወረዳል፤ ከታች መተላለፊያዎችና ለየቤተሰቡ የሚሆኑ 19 ክፍሎች አሉት። ዓሣውና ሙክቱኩ ያለ አንዳች መብራት ከዓመት ዓመት ይቀመጥበት ነበር። የክፍፍሉ መረብ ሕንፃ ቢኖረው ኖሮ ይህ ጉድጓድ ይሆን ነበር።

አሁን ባሕሩ በረዶ ለብሶ የሚቆይበት ጊዜ እያጠረ ነው፤ የበልግ ማዕበል በረዶ ሳይገታው ዳርቻውን ይመታል፣ የቀለጠው አፈርም ይናዳል። በ2020 በመንደሯ ጫፍ ላይ የነበሩ ጥቂት ቤቶች በተሽከርካሪ ተጭነው ወደ ውስጥ ተዛወሩ። የመንደሯ ወጣቶች ይህንኑ በፊልም ቀርጸው በ2019 ማድሪድ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ አሳይተዋል። ወደቡን ከማዕበል የምትከልለው የቱክቶያክቱክ ደሴት በዓመት ወደ ሁለት ሜትር እየተሸረሸረች ትገኛለች፤ በዚሁ ከቀጠለ ወደ 2050 ገደማ ለሁለት ልትሰነጠቅ እንደምትችል ተገምቷል። ጉዳቱ በመንደሯ አይወሰንም፤ የአደን ሰፈሮቹና የኪቲጋርዩይት የቀድሞ መቃብሮችም በዚያው ዳርቻ ላይ ናቸው።

መንደሯን ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር ሲነሣ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በቤቶች ቁጥርና በወጪ ዙሪያ ይሽከረከራል። ከላይ በቀረበው ትንታኔ መሠረት ግን ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገርም አለ፦ አዲሱ ስፍራ ጀልባ ይቆምበታል ወይ? ከዚያ ተነሥቶ የወንዙ አፍ በአንድ ቀን ተደርሶ ይመለሳል ወይ? ሥጋው የሚሰቀልበት ነፋስ፣ የሚጨስበት የወንዝ እንጨት ቅርብ ነው ወይ? በየቤቱ የገቡት ማቀዝቀዣዎች የሚሠሩት በናፍጣ በሚመነጭ መብራት ነው፤ ናፍጣው ከሩቅ ይመጣል፣ ዋጋውም ውድ ነው። የ1963ቱ ጉድጓድ ግን እስካሁን አልፈረሰም፤ የጎብኚዎች መግቢያው ተዘግቷል እንጂ።